በደቂቃ 1000 ቃል ይነበባል ወይ? ቶሎ ስለማንበብ እስቲ በግልፅ እናውራ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ቁጥር ቴሌግራሙም ቲክቶኩም «በአጭር ጊዜ በደቂቃ 1000 ቃል አንብቡ» በሚል ኮርስ ይጥለቀለቃል፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የማስጠናቸው ልጆችም እየተቀባበሉት ነው፣ አንዳንዱ ነፃ ነው አንዳንዱ ደግሞ ብር ይጠይቃል። ልጆቹ «ቲቸር ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልፃፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው። አጭሩ መልስ፣ ቶሎ ማንበብ ይቻላል፣ አብዛኛው ሰውም አሁን ካለበት ፍጥነት መሻሻል ይችላል፣ ግን ፍጥነቱ የሚመጣው እነሱ ከሚሸጡት ነገር አይደለም። እነሱ የሚሸጡት የዓይን ስፖርት ነው። ንባባችንን የሚጎትተው ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ቃልና የምናውቀው ነገር ማነስ ነው። ረጅሙ መልስ ይኸውና፣ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ዓይን ምን እንደሚሰራ እንይ። ስናነብ ዓይናችን መስመሩን ይዞ ሳያቋርጥ የሚንሸራተት ነው የሚመስለን። እንደዛ አይደለም፣ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል፣ ያርፋል። ይሄ ከፈረንጆቹ 1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ኤሚል ዣቫል ከሚባል ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ስም ጋር ነው የሚነሳው፣ አሁን ደግሞ የዓይንን እንቅስቃሴ በሚከታተል ካሜራ በደንብ ተለክቷል። አንዱ እረፍት የሰከንድ ሩብ ገደማ ይፈጃል። ዝላዩማ ከዛም በጣም ያጥራል፣ ሰከንድን ለሺህ ብትከፍሏት 20 ወይ 40ዋን ቢወስድ ነው፣ እና በዝላዩ ሰዓት ዓይን ምንም አዲስ ነገር አያነብም። የምናነበው ስናርፍ ብቻ ነው።

ስናርፍስ ምን ያህል እናያለን? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፣ ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ብታቆሙ የጣቱን ወርድ ያህል ብቻ ነው። ከዛ ውጪ ያለው ብዥ ያለ ነው። ካላመናችሁኝ አሁኑኑ ሞክሩት፣ እዚህ መስመር መሀል አንድ ቃል ላይ ዓይናችሁን ትከሉና ሳትነቅሉ ሦስት አራት መስመር ወደታች ያለውን ለማንበብ ታገሉ። የሆነ ጽሑፍ እንዳለ ታያላችሁ፣ ምን እንደሚል ግን አታውቁም። በእንግሊዝኛ በተሰሩት ጥናቶች ሰው በአንድ እረፍት ቃል ለይቶ የሚያውቀው ካረፈበት ወደ ቀኝ 7 ወይም 8 ፊደል ድረስ ነው፣ ከዛ አልፎ እስከ 14 እና 15 ፊደል ድረስ የሚቀጥለው ቃል ረጅም ነው አጭር ነው፣ ክፍተቱ የት ጋ ነው ምናምን እያለ ይቃኛል እንጂ አያነበውም።

እንግዲህ ሒሳቡን ስሩት። በሰከንድ 4 እረፍት ነው፣ በደቂቃ 240። በአንድ እረፍት አንድ ቃል ብታነሱ፣ ትንንሾቹን ቃላት ደግሞ እየዘለላችሁ ብትሄዱ (ሁላችንም ሳናውቀው እንዘላቸዋለን)፣ 300 ወይ ከዛ ከፍ ልትሉ ትችላላችሁ። ማርክ ብሪስባርት የሚባል የቤልጂየም ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. 190 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ አዋቂ ሰው ድምፅ ሳያሰማ እንግሊዝኛ ሲያነብ አማካዩ ልቦለድ ላልሆነ ጽሑፍ በደቂቃ 238 ቃል ነው የወጣለት፣ ልቦለድ ሲሆን 260። ከኛ ሒሳብ ጋር ገጠመ አይደል? 1000 ለመግባት ግን በእያንዳንዱ እረፍት ከ4 ቃል በላይ መልቀም አለባችሁ፣ ያቺ ጠባብ ቦታ ደግሞ በልምምድ አትሰፋም። ኮርሱ ላይ ያለው ልጅ ፈገግ ብሎ «ዓይናችሁን አሰልጥኑ» ሲል ይሄን አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ ይሄ የቃል ቁጥር የእንግሊዝኛ ነው። እኛ «ስላልተመለሰላቸው» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ ስድስት ሰባት ቃል ያደርገዋል፣ ስለዚህ አማርኛ መጽሐፍ ይዛችሁ 238 አልሞላልኝም ብላችሁ ራሳችሁን ዘገምተኛ እንዳታደርጉ። ፍጥነታችሁን ማወዳደር ያለባችሁ ከራሳችሁ ካለፈው ወር ጋር፣ በዛው ቋንቋ፣ በዛው ዓይነት መጽሐፍ ነው።

አሁን ኮርሶቹ ውስጥ ደጋግመው ወደሚመጡት ምክሮች ልግባ። ዋነኛው «በውስጣችሁ ድምፅ አታንብቡ፣ እሱ ነው የሚያዘገያችሁ» የሚለው ነው። እውነት ነው ስናነብ ጭንቅላታችን ውስጥ ቃሉን የምትል ድምፅ አለች። እሷን ዝም ለማሰኘት ሰው እያነበበ አንድ ቃል ደጋግሞ እንዲል ወይ እንዲቆጥር እያደረጉ ሞክረውታል፣ ጽሑፉ ቀላል ሲሆን ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ ከበድ ያለ ሲሆን ግን መረዳቱ ይወርዳል። ምክንያቱን ለማየት የራሳችንን ቋንቋ ማሰብ ነው፣ አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ ለማን የሚለውን ሁሉ ተሸክማችሁ ነው መስመሩ መጨረሻ ድረስ የምትሄዱት፣ ያንን ሁሉ እስከዛ ይዛ የምትቆየው ያቺ የውስጥ ድምፅ ናት። እሷን አጥፍታችሁ ግሱ ጋ ስትደርሱ ባለቤቱ ማን እንደነበር ጠፍቷችኋል። ቀጭን ድምፅ ናት፣ ተዉአት ትኑር። ከንፈር እያንቀሳቀሱ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ በእርግጥ ያዘገያል፣ ጽሑፉን እየለመዳችሁት ስትመጡ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ሌላው ምክር «ወደኋላ አትመለሱ» ነው። ከዓይናችን ዝላዮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ወደኋላ የሚመለሱ ናቸው፣ ይሄን አይተው ነው «ይሄን ብታስቀሩ ስንት ደቂቃ ታተርፉ ነበር» የሚሉት። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ኮምፒውተሩ የተነበበውን ቃል ወዲያው እየሸፈነ ሰዎቹ ቢመለሱም ምንም እንዳያዩ ተደረገ፣ መረዳታቸውም ወረደ። መመለስ ለካ ጥገና ነው። በኛ ጽሑፍማ ይባስ፣ መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ አንዳንዱን ቃል አንብበን አልፈን፣ ቀጥሎ ያለው ነው «አይ ለካ እንደዛ ነበር የሚነበበው» የሚያሰኘን፣ ካልተመለስን ተሳስተን ቀረን ማለት ነው። እርግጥ ሌላም ዓይነት መመለስ አለ፣ ዓይን ገጹ ላይ እየሄደ ሐሳብ ግን ገበያ ወጥቶ፣ ገጹ ካለቀ በኋላ «ምን ነበር ያለው?» ብሎ ከላይ መጀመር። እሱ የንባብ ችግር ሳይሆን የትኩረት ችግር ነው፣ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ነው።

ከዛ ደግሞ ቃላቱን አንድ በአንድ ስክሪን መሀል ላይ ብልጭ ብልጭ የሚያደርጉ አፖች አሉ፣ ዓይን መዝለል አይጠበቅበትም ነው ሐሳቡ። ስፕሪትዝ የሚባለው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ዝላዩ የሚፈጀው ጊዜ ድሮም ኢምንት ስለሆነ እሱን ማስቀረት ብዙም አያተርፍም፣ ወደኋላ መመለስን ደግሞ ጭራሽ ይከለክላል። ለአጭር ሜሴጅ ይሆን ይሆናል፣ ለፊዚክስ መጽሐፍ ግን ኧረ አይሆንም።

ይሄ ሁሉ ቢዝነስ ደግሞ አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ኤቭሊን ውድ የምትባል የዩታ ስቴት መምህርት በ1959 እ.ኤ.አ. የፍጥነት ንባብ ትምህርት ቤቷን ከፍታ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ ተምረውበታል። በኋላ በ1980ዎቹ ማርሴል ጀስትና ፓትሪሺያ ካርፔንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ኮርስ የሰለጠኑ ሰዎችን፣ ምንም ሳይሰለጥኑ ገጹን ገረፍ ገረፍ አድርገው ከሚያልፉ ሰዎች ጋር አወዳደሯቸው። ዓይናቸውን ሲከታተሉት ሁለቱም አብዛኛው ቃል ላይ አያርፉም። ቀላል ጽሑፍ ሲሆን የጠቅላላ ሐሳቡን ነገር የሰለጠኑት ትንሽ ሻል ይሉ ነበር፣ ዝርዝር ነገር ሲጠየቁ ግን ዓይናቸው ያላረፈበትን አያውቁትም፣ ከባድ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሥልጠናው ያመጣላቸው ጥቅም አልነበረም። በአጭሩ የፍጥነት ንባብ የሚባለው እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ «ስኪሚንግ» ብለን የተማርነው ነው። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትልቅ ግምገማም ድምዳሜያቸው ይሄው ነው፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር መረዳት ይቀንሳል፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያስይዝ አስማት የለም።

ታዲያ አንዱ ልጅ ከሌላው ለምን ይፈጥናል? ይሄ ነው ትክክለኛው ጥያቄ፣ መልሱን ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት ልጀምርላችሁ።

መንዝም ሆነ ተጉለት፣ ቡልጋም ሆነ መርሐቤቴ፣ ብዙዎቻችን ወይ እኛ ወይ አባቶቻችን በዚህ በር አልፈናል። ልጁ ሀሁን ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲደርስ ያቺን አንዷን ጽሑፍ አንዴ አንብቦ አይዘላትም። መጀመሪያ ቁጥር ነው፣ በስንጥር እየነካ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል። ከዛ ግዕዝ ንባብ፣ ከዛ ውርድ ንባብ፣ መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ ላይ ሲደርስ የቃላቱን አነባበብ፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ለይቶ ሳይደናቀፍ ያንበለብለዋል። ያ ሲሆን ነው ወደ ዳዊት የሚሻገረው። ያው ጽሑፍ፣ ደጋግሞ፣ በየደረጃው። ጄይ ሳሙኤልስ የሚባል አሜሪካዊ የንባብ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. «ደጋግሞ ማንበብ» የሚል ዘዴ በመጽሔት አወጣ፣ አጭር ጽሑፍ ለልጅ ትሰጣለህ፣ ሳይደናቀፍ እስኪያነበው ያነበዋል፣ ከዛ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ፍጥነታቸው ጨመረ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን አዲስ ጽሑፍ ሲጀምሩት ራሱ ካለፈው የመጀመሪያ ጊዜ በተሻለ ፍጥነት ነበር የሚጀምሩት። የኔታ ይሄን ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭንቅላታችን በአንድ ጊዜ ሊሰራው የሚችለው ነገር የተወሰነ ነው፣ ፊደልና ቃል ለመለየት የምናወጣው ጉልበት ከበዛ ለሐሳቡ የሚተርፍ የለንም። ቃሉ ሳናስበው ወዲያው ሲታወቀን ግን ጉልበቱ በሙሉ ወደ ትርጉሙ ይሄዳል። ስለዚህ የዓይን እረፍቱ ራሱ ያጥራል፣ መመለሱም ይቀንሳል፣ ማንም «ፍጠን» ሳይለን እንፈጥናለን። ጎበዝ አንባቢ ዓይኑ የሚፈጥነው ስለገባው ነው፣ ዓይኑ ስለፈጠነ የገባው ሰው የለም።

ግን እዛው ቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላኛውን ጎንም አያለሁ። ዳዊትን ከዳር እዳር የሚያንበለብለው ልጅ ግዕዙን ላይሰማው ይችላል፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ቅኔውና ወደ ትርጓሜው ካልገባ በቀር ምን እያለ እንደሆነ አያውቅም። መምህራኑም ይሄን ያውቁታል፣ ለዛ ነው ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት የተለያየው። የኛ የ12ኛ ክፍል ልጅም ከዚህ አይለይም፣ የባዮሎጂ መጽሐፉን እንግሊዝኛ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ስትለው ያነበንበዋል፣ አንዲት ነጥብ አይስትም፣ «እሺ ምን አለ?» ስትለው ጣራ ጣራ ያያል። ይሄን ልጅ የፍጥነት ኮርስ ስትሰጡት ያልገባውን ነገር በፍጥነት ያነባል፣ በቃ ሌላ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃል። ሁ እና ኔሽን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰው በሁለተኛ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ያለ ድጋፍ በደንብ እንዲገባው ከቃላቱ 98 በመቶ የሚሆነውን ማወቅ አለበት ነው ያሉት። ይሄ ማለት ከ100 ቃል የማታውቁት 2 ብቻ። እስቲ የያዛችሁትን መጽሐፍ አንድ ገጽ ክፈቱና የማታውቁትን በእርሳስ አስምሩበት። ከ100 ቃል ውስጥ አስር አስራ አምስት ካሰመራችሁ እሱ መጽሐፍ ፍጥነት የምትለማመዱበት አይደለም፣ ቃል የምትማሩበት ነው፣ ሁለቱ ለየብቻ ይሰራሉ። ለፍጥነት ልምምድ የሚሆነው ቀለል ያለ ነገር ነው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብትሆኑም የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጡና አንብቡ፣ ማንም አያያችሁም።

ቃል ስል ደግሞ ትልልቁን ሳይንሳዊ ቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እሱንማ መጽሐፉ ራሱ ተርጉሞ ያስቀምጠዋል። ልጆቹን በብዛት ሲጥል የማየው «ኦልዶው»፣ «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «ሄንስ» የሚሉት ማያያዣዎች ናቸው። «አንለስ» ሲያይ «ካልሆነ በቀር» የሚለው ወዲያው ካልመጣለት ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ገልብጦ ነው የሚረዳው፣ ከዛ ጥያቄው ላይ በሙሉ ልብ ተሳስቶ ይመልሳል። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፣ አንድ ወረቀት ላይ ይሞላሉ፣ ከየትኛውም የዓይን ልምምድ በላይ ይጠቅሟችኋል።

ሁለተኛው፣ ለኔ እንደውም ትልቁ፣ ስለ ነገሩ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ሬክትና ሌስሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የአሜሪካ ተማሪዎችን ሰብስበው ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚያወራ ጽሑፍ አስነበቧቸው። ንባብ ላይ ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ቤዝቦል ከማያውቁት በልጠው ነው የተረዱት። ወደኛ አምጡት። የፈተናው ምንባብ ስለ መንዝ ጓሳ ነው እንበል፣ ሕዝቡ ራሱ ለብዙ ትውልድ ሲጠብቀው ስለኖረው ሣር፣ ስለ ጭላዳው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው። እዛው መንዝ ካለችው መሐል ሜዳ ከተማ የመጣው ልጅ ሣሩ ለቤት ክዳን እንደሚሆን፣ ዝም ብሎ ገብቶ እንደማይታጨድ፣ ጊዜ እንዳለው ከቤቱ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ደከም ቢልም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። የአዲስ አበባው ልጅ እንግሊዝኛው አሪፍ ሆኖ «ሣር የሚጠበቀው ለምንድነው?» ብሎ እዛው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያነባል። ምንባቡ ስለ ባቡር ጣቢያ ወይ ስለ ባንክ ሲሆን ደግሞ ይገለበጣል፣ እና የኛ ልጆች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው፣ ምንባቡ የሚያወራው ስላላዩት ነገር ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚፈልግ ልጅ ከንባቡ በፊት ስለ ርዕሱ በአማርኛም ቢሆን ይወቅ። ከባዱን የእንግሊዝኛ ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት ያንኑ ነገር በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ቢያዳምጥ ወይ አጭር ቪዲዮ ቢያይ ንባቡ በጣም ነው የሚቀለው፣ ኩረጃ አይደለም ይሄ።

ሦስተኛው ነገር ፍጥነትን መቀያየር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት የሚወርድ ሹፌር ሜዳው ላይ ይለቀዋል፣ ጣርማበር ጋ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፣ ደብረ ሲና እስኪደርስ በየመጠምዘዣው ቀስ ይላል፣ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት የሚነዳ ካለ እሱ ጋ አትሳፈሩ። መጽሐፍም የሚታወቅና የሚደጋገም ክፍል አለው፣ ትርጉም የሚሰጥበት ክፍል ደግሞ አለው። ታሪክ መጽሐፍ ላይ ስለ አድዋ ስታነቡ የምታውቁት ክፍል ላይ መጎተት የለባችሁም፣ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ልዩነት ጋ ስትደርሱ ግን ቁሙ፣ አንዲት ቃል ናት ጦርነት ያመጣችው። ኬሚስትሪ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ማንበብ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ «ዘገየሁ» ብሎ መበሳጨት አያስፈልግም። ዘገምተኛ የሚባለው አንባቢ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ነገር እኩል ቀስ ብሎ የሚያነበው ነው።

ስኪሚንግን እዚህ ጋ ነው የምንጠቀመው፣ ስሙን ደብቀን «ፍጥነት ንባብ» ሳንለው። ምዕራፉን ከማንበባችሁ በፊት ርዕሶቹን፣ የየአንቀጹን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ስዕሉንና ሠንጠረዡን፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እዩ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዛ የት መቆም የት ማለፍ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ፈተና ላይ ያለ ምንባብ ከሆነ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማየት፣ መልሶቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ብቻ፣ ምክንያቱም አራት አራት ምርጫውን ማንበብ ጊዜ ይበላል፣ የተሳሳተውም ሐሳብ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል።

ልምምዱን እንዴት ላድርገው ለሚል፣ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ቀለል ያለ መጽሐፍ ያዙ፣ ሰዓታችሁን ለአምስት ደቂቃ ሙሉና በተለመደው ፍጥነታችሁ አንብቡ። ሦስት አራት መስመር ላይ ያለውን ቃል ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ፣ ባነበባችሁት መስመር አባዙ፣ ለ5 አካፍሉ፣ ያ የደቂቃ ፍጥነታችሁ ነው። ከዛ መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ። ይሄኛው ግማሽ ካልተሰራ የመጀመሪያው ቁጥር ምንም ማለት አይደለም፣ ኮርሶቹ በሙሉ የሚዘሉትም ይሄን ነው። በሚቀጥለው ቀን እስክሪብቶ ከመስመሩ ስር እየነዳችሁ ትንሽ ብቻ ጨምራችሁ ሞክሩ፣ ስንጥሩ እስክሪብቶ ሆነ ማለት ነው፣ እስክሪብቶው ሐሳባችሁ እንዳይሸሽ ይይዛችኋል እንጂ ተአምር የለውም። የምትጽፉት ነገር እየሳሳ ከመጣ ፍጥነቱን መልሱ። ደህና ከሆነ እዛው ሰንብቱና ደግሞ ጨምሩ። ወራት ይፈጃል፣ በሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም።

ዘግቶ መጻፉ በራሱ ሌላ ጥቅም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ አንድ ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ፣ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት በለጧቸው። ብዙ ልጅ ፈተና ሲደርስ ያንኑ ደብተር አምስት ጊዜ ከዳር እዳር ያነባል፣ ሲያነበው ስለሚያውቀው «ገብቶኛል» ይላል፣ ፈተና ክፍል ገብቶ ደብተሩ ሲቀር ነው ጉዱ የሚወጣው። አራቱን ጊዜ ቀንሶ ዘግቶ ቢጽፍ ጊዜም ያተርፋል፣ እና እንደኔ እንደኔ ትልቁ «ፈጥኖ ማንበብ» ይሄ ነው፣ ድጋሚ ማንበብ እንዳይኖርባችሁ ማድረግ።

ስለ ስልክም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ዛሬ ተማሪው በሙሉ ፒዲኤፍ ነው የሚያነበው፣ ያውም ማታ ጋቢ ተከናንቦ በዚህ ብርድ። በ2018 እ.ኤ.አ. 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ወጥቶ ነበር፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ ከስክሪን ይልቅ በተሻለ ይገባል፣ ልዩነቱ ግዙፍ አይደለም፣ ጊዜ ተገድቦ ሲነበብ ግን ይሰፋል ነው የሚለው። የተገደበ ጊዜ ማለት ደግሞ ፈተና ነው። መጽሐፉ ሁሉ ይታተም አልልም፣ ብሩም የለም፣ ግን ከባድ የሚሏትን ምዕራፍ ሦስት አራት ሆኖ አዋጥቶ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። መብራት ሲጠፋም ቻርጅ አይጠይቅም፣ ሻማ ካለ ይበቃል።

ወላጆች ደግሞ «ልጄ 2ኛ ክፍል ነው፣ አማርኛ ሲያነብ ቀስ ይላል፣ ፍጥነት እናስተምረው ወይ?» ይሉኛል። ለእሱ የፍጥነት ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ማታ ማታ አንዲት አጭር ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ በማግስቱም ያቺኑ፣ በሚቀጥለውም ያቺኑ፣ ሳይደናቀፍ ሲያነባት አዲስ ገጽ ስጡት፣ ባነበበ ቁጥር «እና ምን ሆነ?» በሉትና በራሱ አፍ ይንገራችሁ። ሲሳሳት ከአፉ አትንጠቁት፣ ትንሽ ጠብቁት፣ ራሱ ተመልሶ ያስተካክለዋል። መጽሐፉን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ ዓይኑን የሚያጨነቁር ወይ ሰሌዳው አይታየኝም የሚል ከሆነ ከሁሉም በፊት ሐኪም ቤት ውሰዱትና ዓይኑ ይመርመር፣ መምህሩንም ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁት።